የአሞይ ለተ ግራ ዓይን

በ1959 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ በአንድ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የአባቴ እኅት ለተሚካኤል አስመራ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍል ገባች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከግራ ዓይኗ ጀርባ፣ በዓይኗ ጉድጓድ ውስጥ፣ ዕጢ ነበረባት።

ይህን ያህሉን አባቴንም እናቴንም በተለያየ ጊዜ ጠይቄያቸው አንድ ዓይነት መልስ ሰጥተውኛል። የቀረው የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ያየሁት ነው። ያየሁትን እንዳየሁት፣ የተሳሳትኩትንም እንደተሳሳትኩት አስቀምጠዋለሁ።

ያንን ክረምት የሚመልስልኝ የአቼቶ ሽታ ነው። ሰላጣ ላይ ሲፈስ አፍንጫዬን ከነካው፣ ቀድሞ የሚመጣልኝ ምግብ አይደለም፤ ቀይ ብርሃን ነው። ከዚያ ውሃ ውስጥ በጀርባው የተኛ ፊት። ከዚያ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ።

የምንኖረው ማይ ጭሆት በሚባል የአስመራ ሰፈር ነበር። አሞ ማለት በትግርኛ የአባት እኅት ናት፤ እኔም አሞይ ለተ ነበር የምላት። ስላላገባች ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ አልጋ የምንጋራውም እኔና እሷ ነን። የምትሠራው የልብስ ቁልፍ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ዓርኮብኮባይ የሚባለውን የቆላ ዘንባባ ፍሬ መኪናው ይቆርጠዋል፣ ይበሳዋል፤ እሷ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የተሰነጠቀውን ከደህናው ትለያለች። ስንጥቁ አንዳንዴ ከፀጉር የቀጠነ ነው። የሥራ ጓደኞቿ «ለተ በጣቷ ነው የምታየው» ሲሏት «ጣት ዕውር ነው፤ እኔን የሚያበላኝ ዓይኔ ነው» ትላቸው ነበር።

ግራ ዓይኗ ከቀኙ ወጣ ያለ ነበር። ጠዋት ከአጠገቧ ስነቃ ቀድሜ የማየው እሱን ነው። ቀኝ ዓይኗ ጭልጥ ብሎ ተኝቶ እያለ ግራው በግማሽ ተከፍቶ ጣሪያውን ይመለከታል። የዓይኑ ቆብ ተጎትቶ ሊሸፍነው ስላልቻለ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን እኛ ስንተኛ ቤቱን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው ብዬ አምን ነበር። «ደሓን ዶ ሓዲርካ?» እለው ነበር በሹክሹክታ፤ ደህና አደርክ ወይ ማለት ነው። አይመልስልኝም፤ ዘበኛ በሥራ ሰዓት አያወራም። ወጣ ያለበትንም ምክንያት አግኝቼለት ነበር፤ ከወንድሙ ይልቅ ዓለምን ለማየት ስለሚጓጓ ደጃፍ ላይ ወጥቶ የቆመ ዓይን ነው።

ሰፈሩ እንደ እኔ አላሰበም። ጎረቤታችን አደይ ምሕረት ሕምባሻ ጋግራ ከደጅ ስታበርድ፣ አሞይ ለተ በመንገዱ ብቅ ካለች ነጠላዋን ጣል ታደርግበታለች። ቡዳ እንዳይበላባት ነው። አንድ ቀን አክስቴ ከሥራ ስትመለስ አየችና ቆመች።

«አደይ ምሕረት።»

«አቤት ጓለይ» አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው።

«ሕምባሻሽ ከሥሩ አሯል። ሽታው ፌርማታው ድረስ ይመጣል። እኔም አልበላው፣ ዓይኔም አይበላው፤ ግለጪው ይተንፍስ።»

አደይ ምሕረት ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ሕምባሻውን ገልብጣ አየችው። እውነትም አሮ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ፍርሃቷ የባሰ ይመስለኛል።

በሐምሌ መጀመሪያ አክስቴ አንዱን ቁልፍ ሁለት አድርጋ ማየት ጀመረች። ለአባቴ የነገረችው እራት ላይ ነው፤ እንጀራዋን እየቆረሰች፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ።

«አለቃዬ ደስ ሊለው ይገባ ነበር» አለች። «ምርቱን እጥፍ አደረግሁለት።»

አባቴ አልሳቀም። በሳምንቱ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኔም ተከተልኩ።

ሐኪሙ በዕድሜ የገፋ ጣሊያን ነው፤ ሁሉም ዶቶሬ ይለዋል። አክስቴን ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ ከኋላዋ ቆመ፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ አዘንብሎ ከግንባሯ በላይ ቁልቁል ተመለከተ። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ነገር የሚፈልግ ሰው ይመስል ነበር። ቀጥሎ ትንሽ ማስመሪያ ከጆሮ ግንዷ አጠገብ ደግኖ ለካ። ሁለቱም ዓይኖቿ ዝም ብለው ጠበቁት።

በዚያ ዘመን የእኛ ቤት ሰው በሦስት ቋንቋ ነበር የሚኖረው። ቤት ትግርኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ አለቃና ሐኪም ፊት ጣሊያንኛ። የሐኪሙን ነገር አባቴ ለእናቴ ማታ ሲነግራት ነው የሰማሁት። ዶቶሬ «መቼ ጀመረ?» ብሎ ጠየቀ። አባቴም አክስቴም ባንድ አፍ «ባለፈው መስቀል ምንም አልነበረም» አሉት።

«ሰው ይረሳል» አላቸው። «ፎቶግራፍ አላችሁ?»

አባቴ ደስ አለው። ፎቶግራፍማ ነበረን።

አክስቴ በየዓመቱ መስቀል ሲመጣ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ ጋሼ ሰይድ ዘንድ ሄዳ ፎቶ ትነሣለች። ፎቶው በመስታወት ተደርጎ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አራት ሆነው ተሰልፈው ነበር። በአራቱም አክስቴ ቀና ብላ፣ ዓይኖቿ እኩል ሆነው፣ ፈገግ ልትል ስትል የተያዘች ትመስላለች። እንግዳ ሲመጣ አባቴ በእነሱ ይኮራ ነበር።

ያን ቀን አባቴ ወደ ቤት ሮጦ አራቱንም ከግድግዳው አወረዳቸው፣ በጋቢ ጠቅልሎ ወሰዳቸው። በነበሩበት ቦታ አራት የነጡ አራት ማዕዘኖች ቀሩ። ማታ መብራት ሲበራ የተዘጉ መስኮቶች መስለው ይታዩኝ ነበር።

ዶቶሬ ፎቶዎቹን በተራ በተራ ወደ መስኮቱ አቅርቦ አያቸው። የመጨረሻውን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። ያለፈው መስቀል ፎቶ ላይ ዓይኖቿ እኩል ናቸው። ስለዚህ ከዓይኗ ጀርባ ያለው ነገር የበቀለው ከዚያ ወዲህ ነው።

«ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር ብዙውን ጊዜ ክፉ አይደለም ብሏል» አለ አባቴ ማታ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቶሎ የሚያድግ ግን አይታመንም። ሳይዛመት መውጣት አለበት።»

«ምኑ?» አለች እናቴ።

«ዓይኑ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ዓይኑም አብሮ።»

አክስቴ መቀነቷን እየጠቀለለች ትፈታ ነበር። «አንድ ዓይን ያለው ሰው ስንጥቅ ይለያል?» አለች። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ የፋኖሱን ክር ዝቅ ከፍ አደረገ፤ ፋኖሱ ግን አልበራም ነበር።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት «የበቀለ» የሚለውን ነው። ክረምቱ የቁልቋል በለስ ወቅት ነው፤ ሻጮች በባልዲ ሞልተው በየደጁ ይዞራሉ፣ እሾሁን በቢላ ገፈው በእጅ ያቀብላሉ። የበለስ ፍሬ በዘር የተሞላ ነው፤ እኛም ከነዘሩ እንውጠዋለን። አሞይ ለተ በለስ ትወዳለች። ዘሩ ወደ ላይ ተሳስቶ ከዓይኗ ጀርባ ወድቆ፣ እዚያ እንባ እየጠጣ መብቀሉ ለእኔ ግልጽ ነበር። የሚያስፈራኝ እሾሁ ነው። ቅጠሉ ወጥቶ እሾሁ በዓይኗ በኩል ብቅ ይል እንደሆን ለማየት ጠዋት ጠዋት ተጠግቼ እመለከት ነበር። ዘበኛው ዓይን ቀይ ክሮች አውጥቶ ነበር። ደክሞታል አልኩ። በዚያ ክረምት አንድም በለስ አልበላሁም።

ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ሊሆን ተቆረጠ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አክስቴ አዲስ ነጠላዋን ከሣጥን አወጣች።

«ሰናይት፣ ነይ» አለችኝ። «አማርኛሽን ይዘሽ ነይ።»

ጋሼ ሰይድ የወሎ ሰው ነው። ፎቶ ቤቱ ከቤታችን የአንድ መታጠፊያ መንገድ ነበር። ትግርኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ አክስቴ ደግሞ አማርኛዋ ግማሽ ነው። ከአስተማሪዬ ሌላ አማርኛዬን የምለማመድበት ሰው እሱ ብቻ ስለነበር፣ መስቀል መስቀል መካከላቸው ቆሜ የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። መስኮቱ ላይ የጃንሆይ ሥዕል አለ፤ ከጎናቸው ሙሽሮች፣ ወታደሮች፣ ጥርስ ያላወጡ ሕፃናት። ውስጥ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ባሕርና ዘንባባ የተቀባበት ጨርቅ ተወጥሯል። አስመራ ባሕር የላትም፤ እዚያ ግን ሁሉም ሰው ባሕር ዳር ቆሞ ነው ፎቶ የሚነሣው።

«ለተ! ምነው፣ መስቀል ገና አይደለም እንዴ?» አለ ጋሼ ሰይድ፤ ወንበሩን በጨርቅ እየጠረገ። ወዲያው እንደ ልማዱ ፊቷን ወደ ቀኝ አዞረላት፤ ግራ ጎኗን ከመብራቱ አሸሸ።

እሷ ፊቷን መለሰች። «ኖ፣ ኣያ ሰይድ። ዛሬ ቀጥ። ሁለቱም ይታይ።»

«ምን ሆንሽ ዛሬ?»

«በመስቀል...» ብላ ቃል ፈለገች፤ አጣች። በትግርኛ ነገረችኝ፤ እኔም አማርኛ ስለተናገርኩ እየኮራሁ፣ በትምህርት ቤት ድምፄ፣ «በመስቀል አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚኖራት። ስለዚህ ዛሬ በሁለቱ መነሣት ትፈልጋለች» አልኩት።

ጋሼ ሰይድ የካሜራውን ጥቁር ጨርቅ ሊለብስ አንሥቶ ነበር። እንደያዘው ቀረ።

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«ዶቶሬ። ሐሙስ ያወጣዋል።»

«ለምንድነው የሚያወጣው?»

«ካለፈው መስቀል ወዲህ በድንገት ስላደገ ነው። ቶሎ ያደገ ክፉ ነው አለ። ፎቶዎቹን አይቶ ነው ያወቀው።»

«የትኞቹን ፎቶዎች?»

«አንተ ያነሣሃቸውን።»

ዝናቡ የዚያን ጊዜ ጀመረ፤ በአንድ ጊዜ፣ ጠጠር እንደሚገለበጥ። ጋሼ ሰይድ ለደንበኛ በተዘጋጀው ሌላ ወንበር ላይ ቁጭ አለ፤ ከኋላው ያ ባሕር። «ያ ረቢ» አለ። ቀጥሎ ያለው ግራ አጋባኝ።

«ለተ፣ እነዚያ ፎቶዎች እኮ የእኔ ናቸው እንጂ ያንቺ አይደሉም።»

«እንታይ ይብል ኣሎ?» አለችኝ፤ ምን እያለ ነው ማለቷ ነው። ቃሉን በሙሉ አውቀዋለሁ፤ ልተረጉመው ግን አልቻልኩም።

ተነሥቶ ከመሳቢያ አንድ ብሩሽ አወጣ፤ ጫፉ ከጥቂት ፀጉር አይበልጥም። ከጎኑ ትንንሽ የቀለም ጠርሙሶችና የተሳለ እርሳስ። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል ለእኔ እያቀበለ፣ ነገራት።

«ፎቶ ከታጠበ በኋላ ሁሉንም ሰው አስተካክላለሁ። የፈንጣጣ ጠባሳ አጠፋለሁ። የወለቀ ጥርስ እተክላለሁ። ሙሽራ አልቅሳ ከመጣች እንባዋን አደርቅላታለሁ። ሰው ለዚህ ነው ወደ እኔ የሚመጣው። ያንቺም ዓይን ከሥሩ ነጩ ይበዛ ነበር። በብሩሽ አጠቆርኩት፣ ቆቡን ዝቅ አድርጌ ሣልኩት። የመጀመሪያው ዓመት ፎቶ ብቻ ነው ያልተነካው። በሁለተኛው ጥቂት ነበር። ከዚያ በየመስቀሉ ትንሽ ትንሽ ጨመርኩ።»

ተርጉሜ ስጨርስ አክስቴ ብሩሹን ከእጁ ወስዳ ተመለከተችው። ጣቷ ላይ አንዴ አሻሸችው።

«ለምን አልነገረኝም በዪው።»

«ደስ ብሎሽ ትሄጂ ነበር» አለ። ይኼን ሳልተረጉምላት ገባት።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወደ መስኮቱ ዞራ አገጯን ወደ ጃንሆይ ሥዕል ቀና አደረገች። «እሳቸውንም?»

ጋሼ ሰይድ ቀድሞ በሩን ተመለከተ። «እሳቸውማ ተስተካክለው ነው የመጡት» አለ።

አሞይ ለተ ሳቀች። ያን ሳምንት ሙሉ አልሳቀችም ነበር። ስትስቅ ግራ ዓይኗ እንባ አፈሰሰ፤ ቀኙ አላፈሰሰም።

ለካ እኛ ሁላችን የምናምነው ግድግዳውን ነበር። አባቴ፣ እናቴ፣ እሷ ራሷ። በየቀኑ አብረናት የምንበላውን ሴት ሳይሆን በዓመት አንዴ የሚሰቀለውን ወረቀት። እኔ ዘበኛውን ዓይን ትምህርት ቤት ሳልገባ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ ይህንንም ለጋሼ ሰይድ ነገርኩት። «ዱሮም ሌሊት ሌሊት እሱ ነው የሚጠብቀን» አልኩ። ጋሼ ሰይድ ለአክስቴ «ስሚ፣ ልጅቷ ምን እንዳለች ስሚ» አላት፤ ወዲያው «ፊልሞቹ አሉኝ» አለ። «ፊልሙን አልነካሁትም። ብሩሼ የሚያርፈው ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው።»

ጨለማ ክፍሉ ከስቱዲዮው ጀርባ ያለች ጠባብ ጓዳ ናት። ሦስታችንም ገባን። በሩን ሲዘጋ ምንም አልነበረም፤ የዝናቡ ድምፅና የፎቶ ማጠቢያው የአቼቶ ሽታ ብቻ። ከዚያ ቀይ አምፖል በራ። እጆቼ ቀይ ሆኑ፣ የአክስቴ ነጠላ ቀይ ሆነ፣ የጋሼ ሰይድ ሽበት ቀይ ሆነ። የተኛሁ መሰለኝ። ሰዎች ሳይናገሩ የሚግባቡበት፣ ቀለም የሌለበት አገር የገባን መሰለኝ።

በፊልሙ በኩል ለአፍታ ብርሃን ያበራበትን ባዶ ወረቀት ሳህን ውስጥ ባለው ውሃ ላይ አስተኛው፤ ሳህኑን በአንድ ጎን ከፍ ዝቅ አደረገው። መጀመሪያ ፀጉሯ መጣ። ከየት እንደመጣ አላየሁም። ከዚያ ቅንድቦቿ፣ አፏ፣ በመጨረሻ ዓይኖቿ፤ ከታች ሆነው ወደ እኛ ቀና ብለው። አነሣው፣ አቼቶ ወደሚሸተው ሳህን አዛወረው፤ ሌላ ወረቀት አስተኛ።

አራቱ ተሰልፈው ሲንሳፈፉ ነው ነገሩን ያየሁት። በመጀመሪያው ዓይኖቿ እኩል ናቸው። በሁለተኛው ግራው በትንሹ ገፋ ብሏል። በሦስተኛው የበለጠ። አራተኛው ገና እየወጣ ነበር፤ እያየሁት ነጩ ሰፋ፣ ሰፋ፣ ዓይኑ ከወረቀቱ ሊወጣ ተነሣ። ውሃው ነው ያሳበጣት።

«ጋሼ ሰይድ አውጣት! አውጣት፣ እያበጠች ነው!»

እጄን ሳህኑ ውስጥ ከተትኩ። አክስቴ አንጓዬን ያዘችኝ፤ እጄ ውሃ እያንጠባጠበ በደረቷ ላይ አኖረችው።

«ጓለይ፣ ተዪው። ውሃው አይደለም። እኔ ነኝ።»

ጎንበስ ብላ አራቱን በየተራ አየቻቸው። በትግርኛ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ለካ ይኼን ሁሉ ዓመት አብረን ነበርን» አለች። ጋሼ ሰይድ ወደ ግድግዳው ዞሮ ፎጣ ፈለገ። ፎጣው ትከሻው ላይ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ ሰይድ የዒድ ኮቱን ለብሶ አብሮን ሐኪም ቤት መጣ። ዶቶሬ የቀድሞዎቹንና አዲሶቹን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደረደራቸው። ያለፈውን መስቀል የቀድሞ ፎቶ አንሥቶ በመስኮቱ ብርሃን አጋደለው፤ ጥፍሩን ከዓይኑ ሥር አሳረፈ። ከዚያ ጋሼ ሰይድን ከእግር እስከ ራሱ አየውና በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አለ ጋሼ ሰይድ።

«ጎበዝ ሰዓሊ ነህ አለህ» አለ አባቴ። የቀረውን እቤት ስንደርስ ነው የነገረን፤ «የእኔን በሽተኞች ግን ከእንግዲህ አትሣልብኝ» ነበር ያለው።

ዶቶሬ ዕቅዱን ለወጠ። በዓመታት ቀስ ብሎ ያደገ ከሆነ በራሱ ከረጢት ውስጥ የተጠቀለለ ሊሆን ይችላል። ዓይኑን ከማውጣት ይልቅ ከጎን፣ በጆሮ ግንዷ በኩል ገብቶ፣ የዓይን ጉድጓዱን የጎን አጥንት ከፍቶ መጀመሪያ ያየዋል። የተጠቀለለ ከሆነ እሱን ብቻ ያወጣል። ካልሆነ የቀድሞው ይቀጥላል። «ሐሙስ ስትነቂ እነግርሻለሁ እንጂ አሁን ቃል አልሰጥሽም» አላት። እሷም «ግራሲዬ» ብላ በጣሊያንኛ አመሰገነችው። ወጥተን ደረጃው ላይ ግን አባቴን ክንዱን ይዛ ለብዙ ጊዜ ቆመች።

ረቡዕ ሌሎቹ ቀድመው ተኙ። አክስቴ ዓይኗን ልታሳርፍ ጋደም ብላ፣ «ሰናይት፣ ነገ ስነቃ አንቺ እንድትኖሪ እፈልጋለሁ» አለችኝ። «ለምን?» አልኳት። «ዓይኔ የት ይቆም እንደነበር የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ የምትነግሪኝም አንቺ ነሽ።»

ሐሙስ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ከተዘጋ በኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ጠበቅን። አባቴ ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ ያዞር ነበር። እናቴ የማርያምን ስም ትጠራ ነበር። አደይ ምሕረት ሕምባሻ በነጠላ ቋጥራ መጣች፤ ገልጣ ለሁሉም ቆረሰች፤ ቁራሹን ለአክስቴ ብላ ለየችና ሳትሸፍነው ጭኗ ላይ አኖረችው። በአጥሩ ማዶ የበለስ ሻጭ እየተጣራ አለፈ። እናቴ ልግዛልሽ ወይ አለችኝ። በእንቢታ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ።

ቀትር ሲሆን ዶቶሬ ወጣ። ግንባሩ ላይ የቆቡ ክር ምልክት ቀርቶ ነበር። በእጁ የብረት ሳህን ይዟል፤ ለአባቴ አሳየው፤ እኔም በአባቴ ክንድ ሥር አየሁ። ከትልቅ የወይን ፍሬ ይበልጣል፤ ክብ ነው፣ ላዩ ልሙጥ፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ። እሾህ የለውም።

«ውስጡ ዘር አለው?» አልኩ።

«የምን ዘር?» አለ አባቴ።

ዶቶሬ ያስረዳው ይህን ነበር፤ ከጥቃቅን የደም ሥሮች የተሠራ ዕጢ ነው፤ እንዲህ ያለው በዓይን ጉድጓድ ውስጥ የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይዛመትም፤ ሙሉውን፣ ከነከረጢቱ፣ ሳይቀደድ ወጥቷል። ዓይኑ በቦታው ነው።

«ያያል?» አለ አባቴ።

«ነርቩ ለዓመታት ተጭኖ ኖሯል» አለ ዶቶሬ። «ቢያይ እንኳ ቀለም ሊደበዝዝበት ይችላል። ያን ዓይኑ ራሱ ይንገረን።»

አክስቴ ፋሻው የተፈታላት አዲሱ ዓመት ሲጠባ ነው። ፊቷ በግራ በኩል አብጦ ነበር፤ ከጆሮ ግንዷ እስከ ዓይኗ ጥግ የስፌት መስመር አለ። ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ከገባች በኋላ፣ ጠዋት ስነቃ ሁለቱም ዓይኖቿ ተከድነው አገኘኋቸው። ትንፋሿን እስክሰማ ድረስ ፈራሁ።

ዶቶሬ በየቀኑ ቀኝ ዓይኗን ሸፍና በግራው እንድታይ አዝዟት ነበር። ማንም እንዲያያት አልፈለገችም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ባባራበት፣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ጠራችኝ።

«እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ታረጋግጪያለሽ» አለች። «ደግሞ እንዳታዝኚልኝ። እውነቱን።»

«እሺ አሞይ።»

ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ከደነች። ግራው እንባ አቅርሮ ወደ ውጭ ተመለከተ። መዳፏ ጉንጯን ተጭኖት ነበር።

«ፌርማታው አለ» አለች።

«አለ።»

«ሥሩ ሰው ቆሟል። ሴት ናት። ነጠላ ለብሳለች።»

«እወ። ለብሳለች።»

«ሌላ ሰው የለም።»

«የለም።»

ወደ ፊት ዘንበል አለች። ትንፋሿ መስታወቱን አደበዘዘው፤ በነጠላዋ ጠርጋ እንደገና አየች።

«ጃንጥላ ይዛለች» አለች። «ተዘርግቷል። ቡናማ ጃንጥላ።»

መስኮቱን ከፍቼ አየሁ። ሴትዮዋ ጃንጥላ ይዛ ነበር፤ ተዘርግቷል። ቀለሙ ቀይ ነበር።